የተሰረቀ ኮንቨርተርና የአሮጌ መኪና ሒሳብ

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ሌሊት የተሰረቀበት መኪና ጠዋት ሲነሳ እንደ ከባድ መኪና ያጓራል። ጎንበስ ብሎ ከሥር ያየ ሰው የሚያገኘው በመጋዝ ተቆርጦ ጫፉ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ የተቆረጠ ጫፍ፣ በመሀል ባዶ ቦታ፣ አንዳንዴም ተበጥሶ የተንጠለጠለ የሴንሰር ሽቦ ነው። ክሪክና በባትሪ የሚሠራ መጋዝ ለያዘ ሌባ ይህ የሁለት ሦስት ደቂቃ ሥራ ነው። ባለመኪናው ግን ሳምንታት የሚፈጅ ጣጣ ውስጥ ይገባል። መኪናው አዲስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኢንሹራንሱ ይከፍልና ነገሩ ያልቃል። የሚከብደው መኪናው የአሥራ አምስት ዓመት ቶዮታ ፕሪየስ ሲሆን፣ ቢሸጥም ከአራት አምስት ሺህ ዶላር የማያልፍ ሲሆን ነው። ለዋናው የፋብሪካ ዕቃ ከነማስገጠሚያው የሚጠየቀው ዋጋ ከሁለት ሺህ ዶላር ሊበልጥ ይችላል፤ የመኪናው ግማሽ ማለት ነው። በዋሺንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በሲያትልና በዴንቨር ታክሲና ኡበር እየነዱ ቤተሰብ ለሚያስተዳድሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፕሪየስ የእንጀራ ገመዳቸው ነው።

ኮንቨርተር ከላይ ሲያዩት ተራ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተወጋ ሴራሚክ አለ፤ ሴራሚኩ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉት ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብተዋል። የሞተሩ ጭስ በዚያ ሲያልፍ መርዘኛው ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶቹም ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለወጣሉ። ዕቃው በአሜሪካ አዳዲስ መኪኖች ላይ በብዛት መገጠም የጀመረው ከ1975 ሞዴል ወዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሌባውን ያነሳሳው የእነዚያ ማዕድናት ዋጋ ነው። በማርች 2021 የሮዲየም ዋጋ በአንድ ወቄት ወደ 29,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ ፓላዲየምም በማርች 2022 ከ3,000 ዶላር አልፎ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የኢንሹራንስ ወንጀል ቢሮ ለ2022 የመዘገበው የኮንቨርተር ስርቆት ካሳ ጥያቄ ከ64,000 በላይ ነው። ከ2004 እስከ 2009 የተመረቱት ፕሪየሶች ደግሞ ተለይተው ተጠቁ፤ በ2020 የደረሰባቸው የስርቆት መጠን ከ2016ቱ አርባ እጥፍ ገደማ እንደነበር የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የጥናት ተቋም አስልቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሪየስ የመንገዱን ከፊል በባትሪ ስለሚሄድ ኮንቨርተሩ እንደሌሎቹ አይደክምም፤ በውስጡ ያለው ማዕድንም ብዙ ነው። የሮዲየምና የፓላዲየም ዋጋ በ2023 እጅግ ወረደ፤ ሌባውም በፊት ያገኝ የነበረውን ያህል ማግኘቱ ቀረ። የተሰረቀበት ሰው የሚከፍለው ግን ያው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው አሮጌ መኪና ያለው ሰው ይህን ዕቃ ሳይከስር እንዴት ይተካው የሚለው ነው። ከጓደኛም ከጋራዥም የሚሰማው ምክር ዓይነቱ ብዙ ነው፦ ዋናውን ግዛ፣ ከኢንተርኔት ርካሹን አስመጣ፣ ከተሰባበረ መኪና ያገለገለ ፈልግ፣ ቀጥ ያለ ቧንቧ አስበይድና ተገላገል፣ መኪናውን ጥለኸው ሌላ ግዛ። ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው ከኪስ የሚወጣውን ገንዘብ በእርግጥ የሚቀንሰው በሌላ አምራች የተሠራ፣ አዲስና በሕግ የተፈቀደ ተተኪ ነው። የትኛው ተተኪ እንደሆነ የሚወስኑት ደግሞ መኪናው የተመዘገበበት ስቴትና መኪናው ከእንግዲህ የሚሄደው ማይል ናቸው። ዋጋ መጠየቅ የሚገባው እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ከዋጋው ስለሚጀምር ነው።

መጀመሪያ የስቴቱን ነገር እንይ። በአሜሪካ ሁለት ዓይነት ተተኪ ኮንቨርተር ይሸጣል። አንደኛው የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መመዘኛ ብቻ የሚያሟላ ነው፤ ለብዙ አሮጌ መኪኖች በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ሁለተኛው የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ፈትሾ የፈቃድ ቁጥር የሰጠው ነው፤ በውስጡ የሚቀባው ማዕድን ስለሚበዛ ለአንዳንድ ሞዴል ከአንድ ሺህ ዶላር ያልፋል። ካሊፎርኒያ ከ2009 ጀምሮ ከሁለተኛው ዓይነት ሌላ እንዳይሸጥና እንዳይገጠም ከልክላለች። ኒው ዮርክ በ2014፣ ሜይን በ2018፣ ኮሎራዶ በ2021 ተከትለዋታል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ያለ ሰው በአራት መቶ ዶላር የገዛውን ዕቃ ሎስ አንጀለስ ላለ ዘመዱ ልኮ ሊረዳው አይችልም። ዕቃው ልክ ሆኖ ይገጥማል፣ ድምፁም ይጠፋል፤ የጭስ ምርመራ የሚያደርገው ባለሙያ ግን ከሥር ገብቶ የፈቃዱን ቁጥር ይፈልጋል፤ ካጣው መኪናው ይወድቃል። ያኔ አራት መቶውም የመግጠሚያውም ባክኖ፣ አንድ ሺሁ ከነመግጠሚያው እንደገና ይከፈላል።

መኪናው የትኛውን ዓይነት እንደሚፈልግ ለማወቅ የሚያስፈልገው ኮፈን ከፍቶ ማንበብ ብቻ ነው። ከኮፈኑ ሥር ወይም ከሞተሩ አጠገብ አንድ ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ መኪናው ሲመረት የፌዴራሉን ወይስ የካሊፎርኒያን መመዘኛ እንዳሟላ፣ የሞተሩንም የቤተሰብ መለያ ይናገራል። ኒው ዮርክን በመሰለ ስቴት የሚያስገድደው ይህ ወረቀት ነው፤ ካሊፎርኒያ የሚል መኪና የካሊፎርኒያ ፈቃድ ያለው ዕቃ ሊገጠምለት ይገባል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ተተኪው ዕቃ የተፈቀደው ለዚያው ሞዴል፣ ለዚያው ዓመትና ለዚያው የሞተር ቤተሰብ መሆን አለበት። ሻጭ ስልክ አንስቶ «ለፕሪየስ ይሆናል» ሲል የነገራችሁ ቧንቧው እንደሚገጥም ነው፤ ስለ ፈቃዱ ምንም አልነገራችሁም። በተተኪው ዕቃ ቆርቆሮ ላይም መነበብ ያለበት ጽሑፍ ተቀርጿል። የጭሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ። የፌዴራሉ ዓይነት በእንግሊዝኛው ፊደል በኤን ይጀምራል፤ አዲስ ነው ማለት ነው፤ በዩ የሚጀምረው ያገለገለ ነው፤ ቀጥሎ የአምራቹ መለያ፣ የመኪናው ዓይነት ቁጥርና የተመረተበት ወርና ዓመት ይመጣል። የካሊፎርኒያው የፈቃድ ቁጥር በዲ ይጀምራል። ይህ ጽሑፍ የሌለው ዕቃ በምንም ዋጋ ቢቀርብ ውድ ነው።

አሁን ወደ ማይሉ። በሌላ አምራች የሚሠራው ተተኪ ላይ የሚነሳው ዋናው ተቃውሞ ማዕድኑ ስለሚያንስ ቶሎ ይደክማል የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። የፌዴራሉ ደንብ ለተተኪ ኮንቨርተር የሚያስገድደው የሥራ ብቃት ዋስትና 25,000 ማይል ብቻ ነው፤ አምስት ዓመት ወይም 50,000 ማይል የተሰጠው ለቆርቆሮውና ለጫፍ ቧንቧዎቹ እንጂ ጭስ ለማጽዳት አቅሙ አይደለም። የካሊፎርኒያው ግን በሥራ ብቃቱም አምስት ዓመት ወይም 50,000 ማይል ይሰጣል። ይህ ልዩነት ለሁሉም ሰው እኩል አይመዝንም። መኪናውን ወደ ሥራና ወደ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚነዳ ሰው በዓመት ስምንት ሺህ ማይል ቢሄድ የፌዴራሉ ዋስትና ሦስት ዓመት ይሸፍነዋል፤ የአሥራ አምስት ዓመት መኪና ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደሚቆይም አይታወቅም። ኡበር የሚነዳው ግን በዓመት አርባ ሺህ ማይል ቢሄድ ዋስትናው ስምንት ወር ሳይሞላው ያልቃል። ለምሳሌ ያህል የፌዴራሉ ከነመግጠሚያው ስድስት መቶ ዶላር፣ የካሊፎርኒያው አንድ ሺህ አራት መቶ ዶላር ቢሆን፣ በዋስትናቸው ልክ ሲካፈሉ የመጀመሪያው በማይል ሁለት ሳንቲም ተኩል ገደማ፣ ሁለተኛው ሦስት ሳንቲም ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ ጋራዥ ሲገባ የሚጠፋ አንድ የሥራ ቀን ሚዛኑን ይገለብጠዋል። ስለዚህ ብዙ የሚነዳ ሰው ሕጉ ባያስገድደውም የካሊፎርኒያውን ዓይነት ቢገዛ ያተርፋል። ትንሽ የሚነዳው ደግሞ የፌዴራሉ ይበቃዋል። የፋብሪካው ዋና ዕቃ ከሁሉም ረጅም ዕድሜ አለው፤ ግን አሮጌ መኪና ላይ ያ ዕድሜ ለማን ነው? ሞተሩ ወይም ባትሪው ቀድሞ ይሄዳል፤ የታክሲና የኡበር ሥራ የሚያሠሩ ድርጅቶችም የመኪና ዕድሜ ገደብ ስላላቸው ሁለት ዓመት የቀረው መኪና ላይ የአሥር ዓመት ዕቃ መግጠም ገንዘብ መቅበር ነው።

ከሁሉም በላይ የሚደመጠው ምክር ግን የቀጥታ ቧንቧው ነው። በመቶና በሁለት መቶ ዶላር ቧንቧ ይበየዳል፣ ድምፁ ይቀንሳል፣ መኪናውም ይሄዳል። ሲያትልና ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው ደግሞ «እዚህ ማን ይመረምረኛል?» ቢል ትክክል ነው፤ ዋሺንግተን ስቴት የጭስ ምርመራውን በ2020 መግቢያ፣ ሚኒሶታ ደግሞ በ1999 አቁመዋል። ይህን ክርክር በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ ምክንያቱም የሚከራከረው ሰው ገንዘቡን ለቤት ኪራይ የሚፈልግ ሰው ነው። ሆኖም የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የብክለት መቆጣጠሪያን መንቀልንም ሆነ ከሥራ ውጭ ማድረግን በሁሉም ስቴት ይከለክላል፤ ስሙን የሚጠብቅ ጋራዥም ይህን ሥራ አይቀበልም። ከሕጉ በፊት ግን የመኪናው ኮምፒውተር አለ። ከኮንቨርተሩ በኋላ ያለው ሴንሰር ጭሱ እንዳልጸዳ ሲያይ የቼክ ኢንጅኑ መብራት ይበራል፤ ከዚያም አይጠፋም። መብራቱ ሁልጊዜ የበራበት ሹፌር ሞተሩ በእውነት ሲታመም የሚያስጠነቅቀው ምልክት የለውም፤ አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ይህ ማስጠንቀቂያ ከምንም በላይ ያስፈልጋል። ሴንሰሩን በማራቂያ ቁራጭ ለማታለል የሚሸጠው ዕቃም ያው የተከለከለ ነው፤ ችግሩን አይፈታም፣ ይደብቀዋል እንጂ። ኮንቨርተር የሌለው መኪና በጠባብ የቤት ጋራዥ ውስጥ ሲነሳ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሽታ የለውም፤ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። ምርመራ ባለባቸው ቦታዎች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ያጥራል። በሰሜን ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተንንና ፌርፋክስን ጨምሮ፣ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ፤ ሜሪላንድና ዲሲም ይመረምራሉ። በመውደቅ ሳቢያ የሚሰጠው ልዩ ፈቃድ የተበላሸን መኪና ለጠገኑ ሰዎች የታሰበ እንጂ ዕቃው ጭራሽ ለሌለበት መኪና አይደለም።

ያገለገለ ኮንቨርተርስ? ከተሰባበረ መኪና ላይ የወለቀ ዋና ዕቃ በግማሽ ዋጋ ቢገኝ ከአዲሱ ተተኪ ይሻላል የሚል ሐሳብ ብልህ ይመስላል። ሕጉ ግን እያንዳንዱ ያገለገለ ኮንቨርተር ተፈትሾ ምልክት ካልተደረገበት እንዳይሸጥ ያዛል፤ ካሊፎርኒያማ ጭራሽ አትቀበለውም። ሁለተኛው ችግር ከሕግ በላይ ነው። ደረሰኝ የሌለው ያገለገለ ዕቃ ከማን መኪና ሥር እንደወጣ አይታወቅም፤ የጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል። በኖቬምበር 2022 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በአምስት ስቴቶች 21 ሰዎችን ከሶ 545 ሚሊዮን ዶላር ለመውረስ ጥያቄ ማቅረቡን ሲያስታውቅ የታየው የሌቦች ስብስብ ብቻ አልነበረም፤ በሌባውና በማቅለጫው መካከል የሚገዛና የሚሸጥ ሰፊ ገበያ ነበር። ያ ገበያ የሚገታው ዕቃው ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ሲኖር ነው፤ ጠያቂውም ራሱ የተሰረቀበት ሰው ሊሆን ይገባል።

ኢንሹራንስ ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ስርቆትን የሚሸፍነው በእንግሊዝኛ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ክፍል ነው፤ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ብቻ ያለው ሰው ምንም አያገኝም። አምራቹ ለኮንቨርተር የሚሰጠው የስምንት ዓመት ወይም የ80,000 ማይል ዋስትናም ለብልሽት ነው፤ ለስርቆት አይደለም። ሽፋን ያለው ሰው በመጀመሪያ የፖሊስ ሪፖርት ያስጽፍ፤ ቀጥሎም ግምቱ በምን ዕቃ እንደሚሠራ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ አሮጌ መኪናን ከሞት ያድናል። ጥገናው በፋብሪካ ዋና ዕቃ ዋጋ ከተገመተ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ስለሚከብድ ኩባንያው መኪናውን «ጠፍቷል» ብሎ ቼክ ቆርጦ ሊገላገል ይችላል፤ ባለመኪናውም ራሱ የሚሸፍነው አምስት መቶ ወይም አንድ ሺህ ዶላር ተቀንሶ በሚሰጠው ገንዘብ ያንን የመሰለ መኪና መልሶ አያገኝም። በተፈቀደ ተተኪ ከተገመተ ግን ጥገናው ከገደቡ በታች ሆኖ መኪናው ይተርፋል። ከሁለት ጋራዦች ዋጋውን በጽሑፍ ይዞ መቅረብ ይቻላል፤ ኩባንያዎችም ብዙ ጊዜ ይሰማሉ። ራሱ የሚሸፍነው አንድ ሺህ ሆኖ የፌዴራሉ ተተኪ ስድስት መቶ ከሆነ ግን ጥያቄውን ማቅረቡ ራሱ ትርፍ የለውም።

ከዕቃው ዋጋ ሌላ ገንዘብ የሚፈስሰው በገጠማው ላይ ነው። ሌባው ቧንቧውን የቆረጠው ከማያያዣው ብሎን ወዲያ ከሆነ ጋራዡ ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ሙሉ ጭስ ማውጫ እንግዛ ሊል ይችላል። ማርሚታ የሚሠራ ብየዳ ያለው ጋራዥ ግን የጎደለውን ቧንቧ በአንድ ቁራጭ ቀጥሎ ይጨርሰዋል። በብሎን የሚታሰረው ዓይነት ዋጋው ከሚበየደው ትንሽ ቢበልጥም የመግጠሚያ ሰዓቱን ያሳጥራል። ከኮንቨርተሩ ጋር የሄደው ሴንሰር ላይ ግን መቆጠብ አያዋጣም፤ ለቶዮታ ዴንሶን የመሰለ፣ አምራቹ ራሱ የሚጠቀምበትን መግዛት ይሻላል፤ ርካሹ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ እየሰጠ አዲሱን ኮንቨርተር በሐሰት ያስወነጅለዋልና። ሞተሩ ዘይት የሚያቃጥል ከሆነም እሱን ሳያስጠግኑ አዲስ ኮንቨርተር መግጠም ማር እንጀራውን በጥቂት ወራት ማፈን ነው። ይህን የማይጠይቅ መካኒክ ሥራውን አልጨረሰም።

መከላከያውም የዚሁ ሒሳብ አካል ነው። ከሥር የሚታሰር የአልሙኒየም ወይም የብረት ሽፋን ሌባን ጨርሶ አያስቀርም፤ የሁለት ደቂቃውን ሥራ የአሥር ደቂቃ ያደርገዋል እንጂ፤ ጎዳና ላይ ለሚያድር መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮንቨርተሩ ላይ የመኪናውን መለያ ቁጥር ማስቀረጽም ይረዳል፤ ሚኒሶታ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የተነቀለ ኮንቨርተር የሚገዙ ነጋዴዎች መለያውን እንዲመዘግቡ ማስገደዷ ለቁጥሩ ጥቅም ሰጥቶታል። ቨርጂኒያም ከጁላይ 2022 ጀምሮ ስርቆቱን ከባድ ወንጀል አድርጋዋለች።

የካሊፎርኒያ ደንብ ድሃውን ይቀጣል የሚሉ አሉ፤ ግማሹን እውነት ይዘዋል። የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ከአርባ ዓመት በፊት ከነበረበት የተሻሻለው እንዲህ ባለ ጥብቅ ደንብ ነው፤ ጭሱንም ይበልጥ የሚተነፍሱት በአውራ ጎዳና ዳር የሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ስለዚህ ደንቡ መላላት የለበትም። የተሰረቀበት ሰው ግን የጠፋበት ዕቃ ሕግ ያስገደደው ዕቃ ነው፤ ለሕዝብ አየር የሚከፈለውን ልዩነት ለብቻው ሊሸከም አይገባም። አሮጌ መኪናን ለማስወገድ ገንዘብ የሚሰጥ ስቴት ለተሰረቀበት ሰው የተፈቀደውን ዕቃ ልዩነት መክፈል ያቅተዋል ብሎ ማመን ይከብዳል። የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችንና የሹፌሮች ማኅበራት ይህን ጥያቄ ለስቴት ተወካዮቻቸው ሊያቀርቡት ይገባል።

እስከዚያው ግን፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና ተለጣፊውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ጋራዡ ሲጨርስም የመኪናውን መለያ ቁጥር፣ የዕለቱን ማይልና በኮንቨርተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ዋስትናው የሚሠራው በዚያ ወረቀት ነው።